አሮጌዋን አኮ ከምድር በታች ጀምሮ ለመጎብኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

አኮ በሰሜን እስራኤል፣ በሃይፋ የባሕር ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ የምትገኝ ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት። ዐረቦች ዓካ ይሏታል፤ በግሪኮችና በሮማውያን ዘመን ደግሞ ጵቶለማይስ ትባል ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ከጢሮስ በመርከብ ሲመጣ እዚህ ወርዶ ከወንድሞች ጋር አንድ ቀን እንደ ተቀመጠ በሐዋርያት ሥራ 21፥7 ተጽፏል። በሃይፋና በቂርያት ያም የሚኖሩ ብዙ ወገኖቼ ግን በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ የምትርቀውን ይህችን ከተማ ዓሣ ሊበሉ ካልሆነ በቀር እንደማይገቡባት አይቻለሁ። ከአገር ቤት ለመሳለም የሚመጡትም ቢሆኑ ከኢየሩሳሌም፣ ከናዝሬትና ከገሊላ ባሕር አልፈው እስከዚህ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት እነርሱ አንድ ቀናቸውን ለአኮ ሰጥተው በሚገባ እንዲያዩአት ስለምፈልግ ነው።

ጉብኝቱን ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አሮጌዋ አኮ አንዲት ከተማ ሳትሆን አንዷ በሌላዋ ላይ የተሠራች ሁለት ከተማ ናት። የመስቀል ጦረኞች በ1104 ያዟት (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1187 የግብጽና የሶርያ ሱልጣን ሳላሕ አድ-ዲን አስለቀቃቸው፤ በ1191 የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድና የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊጶስ ለረጅም ጊዜ ከበው መልሰው ወሰዷት። ኢየሩሳሌም ከእጃቸው ስለወጣች ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የመንግሥታቸው መዲና የሆነችው አኮ ናት። በግንቦት 1291 የግብጽ ገዥዎች የነበሩት ማምሉኮች ከተማዋን ያዙ፣ አፈራረሷትም፤ ከዚያም ለአራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል አብዛኛው ክፍሏ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የገሊላው ገዥ ዛሂር አል-ዑመርና ከእርሱ በኋላ የመጣው የኦቶማን ሹም አሕመድ ፓሻ አል-ጀዛር ከተማዋን እንደገና ሲያቋቁሙ፣ የቀድሞዎቹን አዳራሾች ከማፍረስ ይልቅ በአፈርና በፍርስራሽ ሞልተው በላያቸው ገነቡ። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚረግጡት መንገድ የመስቀል ጦረኞቹ ቤት ጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ዩኔስኮ በ2001 አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም በዋናነት ይህ ድርብርብነት ተጠብቆ በመቆየቱ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ከታች ይጀምሩ። አብዛኛው ጎብኚ ዓይኑን የሚስበው ገበያውና ወደቡ ስለሆነ ከዚያ ይጀምርና፣ ወደ ምድር ውስጥ አዳራሾች ሲደርስ ወይ ደክሞታል ወይ የመዝጊያው ሰዓት ደርሶበታል። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲሁ አድርጌ፣ የከተማዋን ዋና ነገር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ እየሮጥኩ አይቼ ተመልሻለሁ። ታችኛውን አስቀድሞ ያየ ሰው በኋላ ላይ በመስጊዱ ደጅ ወይም በገበያው መካከል ሲቆም ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ ያውቃል።

ቀኑን መምረጥና መድረስ

ተስማሚው ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ ወይም ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ተደምሮ ያዝላል፤ በክረምቱ ወራት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ዝናብ አለ፤ ይሁንና የጉብኝቱ ግማሽ ከምድር በታች ስለሆነ ዝናቡ ያን ያህል አያግድም። ከሳምንቱ ቀናት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለውን ይምረጡ። ዓርብ የጉብኝት ቦታዎቹ ቀደም ብለው ይዘጋሉ፤ በእኩለ ቀኑ የጁምዓ ጸሎት ምክንያትም መስጊዱ ለጎብኚ ክፍት አይሆንም። ቅዳሜ ባቡር የለም፤ ሆኖም የአሮጌው ከተማ ነዋሪ በአብዛኛው ዐረብ ስለሆነ ገበያውና ምግብ ቤቶቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ከሃይፋም በጋራ ታክሲ፣ በሼሩት፣ መምጣት ይቻላል። በዳስ በዓል ሰሞን የቴአትር ፌስቲቫል በዚያው በአዳራሾቹና በግቢዎቹ ውስጥ ስለሚካሄድ ከተማዋ ትጨናነቃለች፤ ቴአትሩን ለማየት ካልሆነ በቀር ያን ሳምንት ቢያልፉት ይሻላል።

ከቴል አቪቭ የሚነሳ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ከአኮ ጣቢያ እስከ አሮጌው ከተማ በእግር ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ይሆናል፤ አረጋዊ ወይም ሕፃን ይዘው ከሆነ ታክሲ ይያዙ፤ ጉልበትዎን ለውስጡ ያቆዩት። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ከተማዋ ውስጥ ለመገኘት ያቅዱ።

በቦርሳዎ የሚይዙት ብዙ አይደለም፤ ውሃ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ ለሴቶች ነጠላ። የጫማ ነገር ግን ቀላል አይደለም። የአኮ ድንጋይ በዘመናት እግር ተልጎ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ ሶላው የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል።

ትኬቱና አዳራሾቹ

ከከተማዋ ሰሜናዊ መግቢያ ሲገቡ በዛፎች ጥላ ሥር ያለ የአትክልት ግቢ ያገኛሉ፤ የጎብኚዎች ማእከሉ በዚያ ነው። ትኬት ሲገዙ የጥምር ትኬቱን ይጠይቁ፤ አዳራሾቹን፣ የቴምፕላሮችን (የሌላው የመስቀል ጦረኛ መነኮሳት ማኅበር) ዋሻ፣ የቱርክ መታጠቢያ ቤቱንና ሌሎች ትንንሽ ሙዚየሞችን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል። የዕለቱን የመዝጊያ ሰዓት በዚያው ጠይቀው ይመዝግቡ፤ በክረምት ከበጋው ቀደም ብሎ ይዘጋል። ካርታውንም ይውሰዱ፤ በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ስልክ አቅጣጫ ይስታል።

አዳራሾቹ የሆስፒታለሮች ምሽግ ይባላሉ። ሆስፒታለሮች በሽተኛን ለማስታመምና ተሳላሚን ለማስተናገድ የተቋቋሙ፣ በኋላም የጦር መሣሪያ ያነገቡ መነኮሳት ነበሩ፤ ኢየሩሳሌምን ካጡ በኋላ ዋና መቀመጫቸውን ያደረጉት እዚህ ነው። እዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይስጡ፤ ሁለት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ክፍሎቹ በአንድ ሰፊ ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ ስለሆኑ፣ በመጀመሪያ ግቢው መካከል ቆመው ወደ ላይ ይመልከቱ። ከታች የምታዩት የመስቀል ጦረኞቹ ግንብ ነው፤ ከእርሱ በላይ የተቆለለው ከፍ ያለው ግንብ የኦቶማኖቹ ምሽግ ነው፤ እርሱም በእንግሊዞች ዘመን እስር ቤት ሆኗል። ሦስቱ ዘመን በአንድ ግድግዳ ላይ እንዲህ ቁልቁል ተደራርቦ የሚነበብበት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከክፍሎቹ ሁሉ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው የዓምዶቹ አዳራሽ ነው። መነኮሳቱ የሚመገቡበት ክፍል እንደ ነበረ ይታመናል። ሦስት ክብ ዓምዶች ጣሪያውን ተሸክመዋል፤ እያንዳንዱ ዓምድ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ነው። ከዓምዶቹ አናት የሚነሱት ቅስቶች ከከባዱ የሮማንስክ አሠራር ወደ ቀላሉና ሾጣጣው የጎቲክ አሠራር በሚሸጋገር መንገድ የተገነቡ ናቸው። አሁን ወደ አዳራሹ ማዕዘን ይጠጉ። የጣሪያው ቅስት ከግድግዳው በሚገናኝበት ቦታ ላይ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸ የአበባ ምልክት አለ፤ ሦስት ቅጠል ያለው፣ መካከለኛው የቆመ፣ ሁለቱ ወደ ጎን የታጠፉ። ይህ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት ነው፤ ንጉሥ ሉዊ 7ኛ በ1148 ወደ አኮ ከመምጣቱ ጋር የሚያያይዙት አሉ። አበባው ከእጅ መዳፍ እምብዛም ስለማይበልጥ የማይፈልገው ሰው አያየውም። ከዚያ በአጠገቡ ያሉትን ድንጋዮች በጎን ብርሃን ይመልከቱ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ጠራቢዎቹ የየራሳቸውን ሥራ ለመለየት የጫሩት አጭር ምልክት ይታያል። የነገሥታቱን ስም መጻሕፍት ይነግሩናል፤ የእነዚያ ጠራቢዎች ስም ግን ከዚህ ጭረት በቀር ሌላ የለውም፤ እኔ በበኩሌ ከአበባው ይልቅ በእርሱ ፊት የበለጠ ቆሜያለሁ።

በሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ በቁፋሮ የተገኙ ዕቃዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱን አይለፏቸው። አንደኛው የስኳር ማርጊያ የሸክላ ቅርጾች ናቸው፤ በአካባቢው የሚለማው ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ ከተፈላ በኋላ በእነዚህ ሾጣጣ ዕቃዎች ውስጥ ይረጋ ነበር፤ ስኳሩም ለታማሚዎች ማከሚያ ይውል፣ ወደ አውሮፓም ይላክ ነበር። ሁለተኛው ተራ የሆኑ፣ ጌጥ የሌላቸው የሸክላ ሳሕኖች ናቸው፤ ብዛታቸው ምሽጉ ስንት ሰው ይመግብ እንደ ነበር ያሳያል። መጸዳጃ ቤቱንም ይዩ፤ ፍሳሹ በምድር ውስጥ ቦይ ወደ ባሕር እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ከአዳራሾቹ ሲወጡ የሚያልፉበት መተላለፊያ ጠባብና ዝቅተኛ ነው። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ለሠራተኞቹ አስቀድሞ ይንገር፤ በመጡበት መመለስ ይቻላል።

እስር ቤቱ

በዚያው ግንብ ላይ ያለው የድብቅ ታጋዮች እስር ቤት ሙዚየም መግቢያው በባሕሩ በኩል ስለሆነ ዞረው መሄድ ይኖርብዎታል፤ መታወቂያ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። የባሃኢ ሃይማኖት መሥራች ባሃኡላህ በ1868 ከነቤተሰቡ ወደ አኮ ተግዞ በዚህ ምሽግ ሁለት ዓመት ታስሯል። በእንግሊዞች ዘመን በዚሁ ግቢ በ1930 ሦስት ዐረቦች፣ ከ1938 ጀምሮ ደግሞ የአይሁድ ድብቅ ድርጅቶች አባላት በስቅላት ተቀጥተዋል። በግንቦት 1947 ከእነዚህ ድርጅቶች የአንዱ፣ የኢርጉን፣ ታጣቂዎች ግድግዳውን በፈንጂ ሰብረው በርካታ እስረኞችን አስመልጠዋል። ጸጥ ብሎ የሚታይ ቦታ ነው። ሕፃናት ይዘው ከሆነ የስቅላቱን ክፍል ብቻዎን ገብተው አይተው ከዚያ ይወስኑ።

መስጊዱ

ከአዳራሾቹ መግቢያ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አረንጓዴ ጉልላት ያለው የአል-ጀዛር መስጊድ አለ፤ በ1781 ተሠራ። አነስተኛ የመግቢያ ክፍያ አለው። ጉልበትና ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል፤ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ፤ በቦታው የሚሰጥ ሻሽ ቢኖርም የእኛ ነጠላ ከዚያ የተሻለ ያገለግላል። በጸሎት ሰዓት ከደረሱ በግቢው ውጭ ይጠብቁ። በግቢው ዙሪያ ያሉትን ዓምዶች ሲመለከቱ ቀለማቸውና ውፍረታቸው እንደማይመሳሰል ያስተውላሉ፤ አል-ጀዛር ከቂሣርያና ከሌሎች የፈረሱ ጥንታዊ ከተሞች አስመጥቶ ያቆማቸው ስለሆነ ነው። ከግቢው ሥር ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ለማየት የሚወርድ ደረጃ አለ፤ በተከፈተ ጊዜ ይውረዱ፤ እዚያም የመስቀል ጦረኞቹን ቅስቶች እንደገና ያገኟቸዋል።

አል-ጀዛር ማለት በዐረብኛ አራጁ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣለት በጭካኔው ነው። የገንዘብ ሹሙ የነበረውን አይሁዳዊ ሐይም ፋርሂን እንኳ አንድ ዓይኑን አውጥቶታል። ሆኖም ናፖሊዮን በ1799 ከግብጽ ተነሥቶ ከተማዋን ሁለት ወር ያህል ሲከብ፣ ፋርሂ መከላከያውን ካደራጁት አንዱ ነበር። የናፖሊዮን ከባድ መድፎች በባሕር ሲጓጓዙ የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ ሲድኒ ስሚዝ ማርኮ ለከተማዋ መከላከያ አዋላቸው። ናፖሊዮን ከተማዋን መያዝ አቅቶት ተመለሰ። ዛሬ በምሥራቅ በኩል የሚታየው ወፍራም የየብስ ቅጥር ከዚያ ከበባ በኋላ የተጠናከረው ነው። በመስጊዱ አጠገብ ያለው የቱርክ መታጠቢያ ቤትም የአል-ጀዛር ሥራ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ምሳና ገበያ

ወደ ደቡብ በሚወርደው የገበያ መንገድ ይሂዱ። ለምሳ ሑሙስ ይብሉ፤ በገበያው ውስጥ ያለው ሑሙስ ሰዒድ የታወቀ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ሠርቶ ከቀትር በኋላ ስለሚዘጋ ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ቢደርሱ ይሻላል። በጾም ወራት ለሚጓዝ ምእመን ይህች ከተማ የተመቸች ናት፤ ሑሙስ የተቀቀለ ሽምብራ፣ የተፈጨ ሰሊጥ፣ ሎሚና የወይራ ዘይት ነው፤ ባቄላ የተጨመረበትም አለ፤ እንቁላል እንዳያደርጉበት ብቻ ሲያዝዙ ይንገሩ። ከዚያ በኋላ ሄል የገባበት ቡና ይጠጡ። ቅመምና ጣፋጭ ሲገዙ ዋጋውን ከመመዘኑ በፊት ይጠይቁ።

እዚህ የሚኖሩ ሰዎች እንግዳን በደግነት ይቀበላሉ፤ ነገር ግን የጎን መንገዶቹ የሰው ደጃፍ ናቸው። ሰው ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ የተከፈተ በር ስላዩ ብቻ ወደ ግቢ አይግቡ።

ወደ ወደቡ ሲቃረቡ የነጋዴዎች ማረፊያ የነበሩትን ኻኖች ያገኛሉ። ትልቁ ኻን አል-ዑምዳን በ1784 የተሠራ ሲሆን፣ የምድር ቤቱን የግራናይት ዓምዶች እነሆ እንደገና ከቂሣርያ ያመጣቸው አል-ጀዛር ነው። በላዩ ያለው የሰዓት ማማ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ ክብር የተጨመረ ነው። ኻኑ ለእድሳት ሲባል በሩ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከተዘጋ በሰዓት ማማው ሥር ቆመው በበሩ በኩል ዓምዶቹን ይመልከቱ።

የቴምፕላሮች ዋሻ

ከወደቡ አጠገብ ያለው የዋሻው ምሥራቃዊ መግቢያ እንደገና ወደ ታች ይመልስዎታል። በ1994 አንዲት ነዋሪ የቤቷ የፍሳሽ ቦይ በመዘጋቱ አቤት ስትል፣ ሊጠግኑ የቆፈሩት ሠራተኞች ያገኙት ይህን ዋሻ ነው። ርዝመቱ 350 ሜትር ነው፤ በምሥራቅ ያለውን ወደብ በምዕራብ ከነበረው የቴምፕላሮች ምሽግ ጋር ያገናኝ ነበር። የግድግዳው ታችኛ ክፍል ከአለቱ የተፈለፈለ፣ የላይኛው በተጠረበ ድንጋይ በቅስት የተሠራ ነው። ከእንጨት መረማመጃው ሥር ውሃ ቀስ እያለ ሲወርድ ይሰማል። ለጥቂት እርምጃ ያህል ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ረጅም ሰው ጭንቅላቱን ይጠብቅ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ የምመክረው ሲወጡ በቀጥታ የመርከቦች መብራት ማማው አጠገብ፣ በባሕሩ ዳር ስለሚያገኙት ነው።

የቴምፕላሮቹ ምሽግ ራሱ ዛሬ የለም። ከተማዋ በግንቦት 18 ቀን 1291 ከወደቀች በኋላ አሥር ቀን ብቻውን ተከላክሎ ወደቀ፤ የመሠረቱ ቅሪት አሁን ከመብራት ማማው በታች ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ማምሉኮቹ ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት የአንዱን የጎቲክ በር ነቅለው ወደ ካይሮ ወስደዋል፤ በሱልጣን አን-ናስር ሙሐመድ መድረሳ ላይ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ካይሮ የሚሄድ አንባቢ ካለ አኮን በዚያም እንዲፈልጋት እመክራለሁ።

ጊዜ ላለው

በከተማዋ ሌሊት ካደሩ፣ በማግሥቱ ጠዋት ከአኮ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ባህጂ ይሂዱ። በ1892 ያረፈው ባሃኡላህ መቃብሩ በዚያ ነው፤ የባሃኢ አማኞች በዓለም ሁሉ በሚጸልዩበት ጊዜ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደዚህ ቦታ ነው። መቃብሩ ለጎብኚ የሚከፈተው ጠዋት ጠዋት በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ አስቀድመው ያጣሩ፤ የአትክልቱ ስፍራ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ነው። ከአሮጌው ከተማ ውጭ ያለው የቱኒዚያ አይሁድ ምኵራብ ግድግዳውና ወለሉ በትንንሽ የሞዛይክ ድንጋይ የተሸፈነ ስለሆነ ሊታይ ይገባዋል፤ ቅዳሜ ለጎብኚ አይሆንም።

የመጨረሻው ሰዓት

ለፀሐይ መጥለቂያ አንድ ሰዓት ሲቀር ከመብራት ማማው ተነሥተው በባሕሩ ቅጥር ላይ ወደ ሰሜን ይሂዱ። የሠፈሩ ልጆች ከግንቡ ላይ ወደ ባሕሩ ሲዘሉ ያያሉ፤ እነርሱ አለቱ የት እንዳለ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ እርስዎ ግን ከጫፉ ራቁ፤ ቅጥሩ በብዙ ቦታ መከለያ የለውም፤ ሞገዱ ሲበረታም ድንጋዩን ያረጥበዋል። ወደ ደቡብ ሲዞሩ ከሰላጤው ማዶ የቀርሜሎስ ተራራና የሃይፋ መብራቶች አንድ በአንድ ሲበሩ ይታያሉ፤ የወደቡንም አፍ ይጠብቅ የነበረው፣ የዝንቦች ማማ የሚባለው ፍርስራሽ በውሃው መካከል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጨለማው ሳይጠነክር በሰሜናዊው መግቢያ ይውጡ፤ ታክሲዎች የሚቆሙት ከዚያ አጠገብ ነው፤ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ካልሆነ ወደ ሃይፋ የሚመልስዎትን ባቡር ያገኛሉ።